ጥቁሩ እንክብል፦ አክቲቬትድ ቻርኮል ማንን ይጠቅማል? ማንን ይጎዳል?



ባለፈው ረመዷን አንድ ምሽት ከኢፍጣር በኋላ በዶርማችን የሆነውን ላውጋችሁ። ከዶርም ጓደኞቻችን አንዷ ዱባይ የምትሠራ እህቷ የላከችላትን ዕቃ ስትፈታ፣ ከተምሩና ከሻምፖው መሐል አንድ ትንሽ ብልቃጥ ወጣ። ውስጡ ጥቁር ዱቄት የተሞላ እንክብል ነበር። እህቷ በድምፅ መልእክት "ሰውነት ያጸዳል፣ የሆድ መነፋት ያጠፋል፣ ፊት ያጠራል፤ እዚህ ሁሉም ሰው ነው የሚወስደው" ብላታለች። ልጅቷ እጇ የማይሰስት ናትና "ሐዲያዬ ነው" ብላ ለእያንዳንዳችን ሁለት ሁለት ፍሬ አደለችን።

ከመካከላችን አንዷ በአንድ መዳፏ ሁለቱን ጥቁር እንክብሎች ያዘች። በሌላው መዳፏ ደግሞ በየምሽቱ የምትውጣትን ትንሽ ነጭ ክኒን። ክኒኗ ፌኖባርቢታል ትባላለች፤ የሚጥል በሽታ መድኃኒት ናት። ይህን በዶርሙ ውስጥ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። እሷም ሰው እንዲያውቅባት አትፈልግም፤ ለምን እንደማትፈልግ ለናንተ ማስረዳት የሚያስፈልግ አይመስለኝም። ሁለቱን በአንድ ጉንጭ ውሃ ልትውጥ ስትል እጇን ይዤ "አንዴ ኮሪደር ላይ ልፈልግሽ" አልኳት።

የፋርማሲ ተማሪ ነኝ፤ ያን ሰሞን የመመረዝ ሕክምናን ተምረን ነበር። ያን ምሽት፣ አልሐምዱሊላህ፣ ምንም ክፉ ነገር አልደረሰም። ነገር ግን ደግነት የተሞላበት ስጦታ ማንም ሳያውቅ አንዲትን እህት ሊጥላት ይችል እንደነበር ሳስብ አሁንም ይዘገንነኛል። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በእሷ ፈቃድ ነው።

ይህ ጥቁር ነገር ምንድን ነው?

ከሰልን ሁላችንም እናውቀዋለን። ቡናው የሚፈላው፣ ዕጣኑ የሚጨሰው በእሱ ነው። አክቲቬትድ ቻርኮል የዚሁ የማንደጃችን ከሰል ዘመድ ነው፤ ነገር ግን አንድ አይደሉም። አክቲቬትድ ቻርኮልን ለመሥራት መጀመሪያ የኮኮነት ቅርፊት፣ እንጨት፣ የድንጋይ ከሰል ወይም አንዳንዴ የእንስሳት አጥንት አየር በሌለበት ይከሰላል። ቀጥሎም ከ800 እስከ 1000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ሙቀት በእንፋሎት ወይም በካርቦን ዳይኦክሳይድ ይታከማል፤ አንዳንድ ፋብሪካዎች ደግሞ እንደ ፎስፎሪክ አሲድ ያሉ ኬሚካሎችን ይጠቀማሉ። ይህ ሁለተኛው እርምጃ በከሰሉ ውስጥ ዓይን የማያያቸው እልፍ ጥቃቅን ቀዳዳዎችን ይፈለፍላል።

የቀዳዳዎቹ ነገር የሚደንቅ ነው። የአንድ ግራም አክቲቬትድ ቻርኮል ውስጣዊ ገጽ ተዘርግቶ ቢለካ 1000 ካሬ ሜትር ገደማ ይሆናል። ደረጃውን የጠበቀ የእግር ኳስ ሜዳ 7140 ካሬ ሜትር ነው። እንግዲህ አንድ የሾርባ ማንኪያ የማይሞላ ዱቄት የአንድ ሜዳ ያህል ገጽ ተሸክሟል ማለት ነው።

ሥራው ሁሉ ያለው በዚያ ገጽ ላይ ነው። ስፖንጅ ውሃ ሲመጥ ውሃው ወደ ውስጡ ይገባል። ከሰሉ ግን በአጠገቡ የሚያልፉ ሞለኪውሎችን ገጹ ላይ ይለጥፋቸዋል። የዝንብ ማጥመጃ ሙጫ ወረቀት አይታችሁ ታውቁ ይሆናል። ወረቀቱ የተሰቀለው ለዝንብ ነው፤ ንብ ብታርፍበት ግን እሷንም ይይዛታል። ሙጫ ዝንብና ንብ አይለይም። ይህን ምሳሌ ያዙልኝ፤ የዚህ ጽሑፍ ቁልፍ እሱ ነው።

አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። "እንግዲያው የማንደጃውን ከሰል ፈጭቼ ልጠጣው" የሚል ሰው አይጠፋም። የማንደጃ ከሰል ያን ሁሉ ቀዳዳ የለውም። በዚያ ላይ ካንሰር ሊያመጡ የሚችሉ የጭስ ቅሪቶች ሊኖሩበት ስለሚችሉ ለሆድ የሚሆን ነገር አይደለም።

ትክክለኛ ቦታው

ስለ ከሰል የሚነገረው ሁሉ ውሸት ነው እያልኩ አይደለም። በቦታው ሲውል ሕይወት ያድናል።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ቱዌሪ የተባለ የፈረንሳይ ፋርማሲስት በአገሩ የሕክምና አካዳሚ አባላት ፊት ቆሞ ስትሪክኒን የተባለውን ገዳይ መርዝ ከከሰል ጋር ቀላቅሎ እንደዋጠና በሕይወት እንደተረፈ የሕክምና ታሪክ ይተርካል። (የፋርማሲ ተማሪዎች ሆይ፣ ይህ ለማንም አርአያ አይሆንም!) በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ እ.ኤ.አ. በ1915፣ የመርዝ ጋዝ በጦር ሜዳ ሲለቀቅ ሩሲያዊው ኬሚስት ኒኮላይ ዜሊንስኪ አክቲቬትድ ቻርኮል የተሞላ የፊት ጭንብል ሠራ። ዛሬም ይኸው ነገር በውሃ ማጣሪያዎች ውስጥ መጥፎ ሽታና ጣዕም ይይዝልናል። የዓለም ጤና ድርጅትም በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ውስጥ ከመርዝ ማርከሻዎች ተራ አስቀምጦታል።

በሆስፒታል አጠቃቀሙ ግን ጥብቅ ነው። ለአዋቂ የሚሰጠው በአብዛኛው ከ50 እስከ 100 ግራም ሲሆን በውሃ ተበጥብጦ ይጠጣል። በገበያ የምናገኘው እንክብል ብዙውን ጊዜ 250 ሚሊግራም ገደማ ይይዛል። ስለዚህ ዝቅተኛው የሆስፒታል መጠን ብቻ 200 እንክብል ይሆናል። ጊዜውም አጭር ነው፤ የአሜሪካና የአውሮፓ የመርዝ ሕክምና ማኅበራት እ.ኤ.አ. በ1997 ባወጡት የጋራ አቋም፣ ከሰል ለማንኛውም ተመራዥ በልማድ መሰጠት እንደሌለበትና ይበልጥ የሚጠቅመው መርዙ በተወሰደ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሲሰጥ እንደሆነ አስታውቀዋል።

በሆስፒታልም ቢሆን ተአምር አይሠራም። በስሪላንካ ሆስፒታሎች ፀረ ተባይና መርዛማ የዛፍ ፍሬ የወሰዱ ታማሚዎች በብዛት የተካተቱበት አንድ ትልቅ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2008 ታትሟል። በጥናቱ ከ4600 በላይ ታማሚዎች በዕጣ በሦስት ቡድን ተከፈሉ። ከሰል በተደጋጋሚ ከተሰጣቸው 6.3 በመቶ፣ ምንም ካልተሰጣቸው ደግሞ 6.8 በመቶ ሞቱ። ይህ ልዩነት በስታቲስቲክስ ሚዛን ልዩነት አይባልም። ብዙዎቹ ሆስፒታል የደረሱት ሰዓታት ካለፉ በኋላ እንደነበርም መታወስ አለበት።

ከነጭራሹ የማይዛቸው ነገሮችም አሉ። አልኮል፣ ብረት (አይረን)፣ ሊቲየም፣ ጠንካራ አሲድና አልካሊ፣ ነጭ ጋዝና ቤንዚን ለከሰል ሙጫ እምብዛም አይገዙም። ይህ ለእኛ አገር ቤት ትልቅ ትርጉም አለው። ሕፃን በረኪና ወይም ነጭ ጋዝ ቢጠጣ ከሰል ማጠጣት ጥቅም የለውም፤ ቢያስመልሰው ደግሞ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። ሰው ራሱን እየሳተ ሳለ የተጠጣ ከሰል ሳንባ ውስጥ ከገባ ከመርዙ ባላነሰ ሊገድል ይችላል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ቤት ውስጥ ምንም ሳትሞክሩ፣ ለማስመለስም ሳትታገሉ፣ የተጠጣውን ዕቃ ከነጠርሙሱ ይዛችሁ በአፋጣኝ ሐኪም ዘንድ መድረስ ነው። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል አምቡላንስ ስልክ 907 ነው።

ከመድኃኒት ቤት ወደ ካፌ እንዴት ወጣ?

ከ2014 እ.ኤ.አ. ወዲህ ባሉት ዓመታት አሜሪካ ውስጥ ከሰል የተጨመረበት የሎሚ ጭማቂ "ሰውነት የሚያጸዳ" እየተባለ በውድ ዋጋ መሸጥ ጀመረ። ቀጥሎ ጥቁር አይስክሬም፣ ጥቁር በርገር፣ ጥቁር ፒዛ፣ ጥቁር ማኪያቶ መጣ። ጣዕሙ ከሌላው የተለየ ስለሆነ አይደለም፤ ከሰል ጣዕም የለውም። ዋናው ነገር ፎቶ ላይ የሚስብ መሆኑ ነው። እንደ ሬንጅ የጠቆረ አይስክሬም የያዘ ሰው ስልኩን ሳያወጣ አይበላም፤ ያየው ደግሞ "የት ነው?" ብሎ ይጠይቃል። ፋሽኑ ለንደንና ዱባይ ለመድረስ ጊዜ አልፈጀበትም። ከዚያ በስልካችንና በዘመዶቻችን ሻንጣ በኩል ወደ እኛም መጣ።

እ.ኤ.አ. በ2018 የኒውዮርክ ከተማ ጤና መሥሪያ ቤት ምግብ ቤቶችና ካፌዎች አክቲቬትድ ቻርኮልን በምግብና በመጠጥ ውስጥ እንዳይጨምሩ ከለከለ። ምክንያቱም የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ለምግብ ጭማሪነትም ሆነ ለማቅለሚያነት ስላልፈቀደው ነው። በአውሮፓ ኅብረት ግን ኢ153 በሚል መለያ የሚታወቅ ከዕፅዋት የተሠራ የካርቦን ማቅለሚያ ይፈቀዳል። የተፈቀደው ግን ቀለም እንዲሆን ነው፤ ሰውነት እንዲያጸዳ አይደለም። ይህን ልዩነት ማስታወቂያዎቹ አይነግሯችሁም።

የሚባልለትን አንድ በአንድ

"ሰውነትን ከመርዝ ያጸዳል።" የትኛውን መርዝ? ሻጮቹ ስሙን አይጠሩም። አላህ (ሱ.ወ) በሰውነታችን ውስጥ ቆሻሻ የሚያስወግዱ ጉበትና ኩላሊት ፈጥሮልናል፤ ሌሊትና ቀን ያለ ማስታወቂያ ይሠራሉ። ከሰሉ ከሆድ ዕቃ ወደ ደም አይገባም። በአፍ ይገባል፣ በአንጀት ያልፋል፣ ከሰገራ ጋር ይወጣል። ሆድ ውስጥ ያገኘውን ይይዛል፤ ከሚይዛቸውም መካከል በጭማቂው ውስጥ የነበረው ቫይታሚን ሊገኝበት ይችላል። ስለዚህ "ጤናማ" በሚባለው ጥቁር ጭማቂ ከሰሉ የጭማቂውን ጥቅም ራሱ ሊቀንስ ይችላል።

"የሆድ መነፋትንና ጋዝን ይቀንሳል።" እዚህ ላይ ፍትሐዊ መሆን አለብን፤ ጥቂት መሠረት አለው። የአውሮፓ የምግብ ደህንነት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2011 ማስረጃውን መርምሮ፣ ከምግብ በፊት ቢያንስ በ30 ደቂቃ 1 ግራም፣ ከምግብ በኋላም ወዲያው 1 ግራም መውሰድ የበዛ ጋዝን ሊቀንስ እንደሚችል ተቀብሏል። ይህ በ250 ሚሊግራም እንክብል ሲሰላ ለአንድ ማዕድ 8 ፍሬ ነው። ሽሮና ምስር በየቀኑ ለሚበላ ተማሪ ቀስ ብሎ ማላመጥና ለስላሳ መጠጥ መቀነስ ከዚህ ይረክሳል።

"ለጨጓራ ፍቱን ነው።" በግቢያችን ጨጓራዬን የማይል ተማሪ ጥቂት ስለሆነ ይህ አባባል በጣም ያሳስበኛል። ከሰል የጨጓራን ቁስል አያድንም፤ የብዙ ጨጓራ ሕመም መንስኤ የሆነውን ባክቴሪያም አይገድልም። ከዚህ የከፋው ሌላ ነው። ጨጓራ ሲደማ ከሚታዩት ዋና ምልክቶች አንዱ ሰገራ እንደ ሬንጅ መጥቆሩ ነው። ከሰል የሚወስድ ሰው ሰገራው ሁልጊዜ ጥቁር ነው። ስለዚህ ደም እየፈሰሰው "ከከሰሉ ነው" ብሎ ይቀመጣል። የማስጠንቀቂያው ደወል ተሸፈነበት ማለት ነው።

"ኮሌስትሮል ያወርዳል።" በ1980ዎቹ በፊንላንድ በጥቂት ታማሚዎች ላይ በተደረገ ሙከራ ኮሌስትሮል ቀንሶ ታይቷል። የተሰጣቸው ግን በቀን 24 ግራም ነበር። እሱ በየቀኑ 96 እንክብል መሆኑ ነው። ዛሬ ከዚያ የተሻሉና የተፈተሹ መድኃኒቶች አሉ።

"ጥርስ ያነጣል።" ይህኛው ከሁሉም በላይ በግቢያችን ገብቷል፤ ጥቁር የጥርስ ሳሙናና ዱቄት በየሱቁ አለ። እ.ኤ.አ. በ2017 በአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበር መጽሔት ላይ የወጣ ግምገማ የእነዚህን ምርቶች ደህንነትም ሆነ ፍቱንነት የሚያረጋግጥ በቂ ማስረጃ እንደሌለ ደምድሟል። ከሰሉ የላይ ላዩን እድፍ ሊፍቅ ይችላል። ሸካራ ከሆነ ግን እድፉን ብቻ ሳይሆን የጥርሱን መስታወትም ይፍቃል፤ የጥርስ መስታወት ደግሞ አንዴ ከተሸረሸረ አይበቅልም። መስታወቱ ሲሳሳ ከሥሩ ያለው ቢጫማ ክፍል ጎልቶ ስለሚታይ፣ ነጭ ፍለጋ የወጣ ሰው ወደ ቢጫ ይመለሳል። ብዙዎቹ እንዲህ ያሉ ሳሙናዎች ፍሎራይድም የላቸውም። እኛ ደግሞ ሲዋክ አለን፤ ሱና ነው፣ ርካሽ ነው፣ በኪስ ይያዛል። እሱንም ቢሆን ድድ እስኪደማ ሳይሆን በቀስታ ነው፤ ማታ ማታ ፍሎራይድ ባለው ሳሙና ብታግዙት ደግሞ ይበልጥ ያማረ ይሆናል።

"ፊት ያጠራል።" ጥቁር የፊት ጭምብል ብጉር እንደሚያድን የሚያሳይ አስተማማኝ ጥናት የለም። ሲላጥ ፀጉርና የላይኛውን ቆዳ አብሮ ያነሳል፤ ያ ማቃጠል "እየሠራ ነው" ተብሎ ይተረጎማል።

አንዳንድ ሻጮች ደግሞ ዕቃቸውን ከሱና ጋር ሊያያይዙት ይሞክራሉ። በኡሑድ ዘመቻ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በቆሰሉ ጊዜ ልጃቸው ፋጢማ (ረ.ዐ) ቁራጭ ሰሌን አቃጥላ አመዱን በቁስሉ ላይ በማድረግ ደሙን እንዳስቆመች በሐዲስ ተዘግቧል። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ያ በጊዜው በነበረው ዘዴ ደም ለማቆም ከውጭ የተደረገ ነገር ነው። ከሰል ለመዋጥ፣ ያውም በፋብሪካ የተሠራ እንክብል ለመሸጥ ማስረጃ አይሆንም። በዲን ስም መነገድ ከተራ ማስታወቂያ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

ንቧ የምትያዘው እዚህ ላይ ነው

አሁን ወደ ዶርሟ ልመለስ። ሁለት እንክብል መርዝ ለመያዝም፣ ጋዝ ለመቀነስም፣ ኮሌስትሮል ለማውረድም እጅግ ትንሽ እንደሆነ አይተናል። "እንግዲያው ባይጠቅምም አይጎዳም" ልትሉ ትችላላችሁ። ስህተቱ እዚህ ላይ ነው።

በመመረዝ ሕክምና የሚታወቅ አንድ ስሌት አለ፤ ከተወሰደው መድኃኒት ወይም መርዝ በክብደት 10 እጥፍ የሆነ ከሰል መስጠት ይመከራል። ብዙ ክኒን የዋጠን ሰው ለማከም 50 ግራም የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ነገር ግን አንዲት ክኒን ስንት ናት? 30 ሚሊግራም ፌኖባርቢታል ያላትን ክኒን እንውሰድ። ሁለት እንክብል 500 ሚሊግራም ከሰል ነው። ይህም የክኒኗን ከ16 እጥፍ በላይ ነው። ምግቡም ገጹን ስለሚሻማ ሆድ ውስጥ ስሌቱ ሁልጊዜ በትክክል አይሠራም። ቢሆንም መልእክቱ ግልጽ ነው፤ ለመጥቀም የማይበቃው መጠን የአንድን ሌሊት መድኃኒት ለመያዝ ይበቃል።

ነገሩ ከዚህም ይከፋል። እ.ኤ.አ. በ1982 በታተመ ጥናት ለጤነኛ ፈቃደኞች ፌኖባርቢታል በደም ሥር ተሰጣቸው፤ ማለትም መድኃኒቱ በሆዳቸው አላለፈም። ከዚያ ከሰል በአፍ ሲጠጡ፣ በደማቸው ያለው መድኃኒት በግማሽ ለመቀነስ የሚፈጅበት ጊዜ ከ110 ሰዓት ወደ 45 ሰዓት ወረደ። የተሰጣቸው ከሰል በአሥር ግራሞች የሚቆጠር ትልቅ መጠን ነበር። እንዲህ የሆነው አንዳንድ መድኃኒቶች ከደም ወደ አንጀት ተመልሰው ስለሚፈስሱ ነው፤ ከሰሉ እዚያ ጠብቆ ይይዛቸዋል። ካርባማዜፒን የተባለው ሌላው የሚጥል በሽታ መድኃኒት፣ የአስም ቴኦፊሊን፣ የወባ ኪኒን፣ ዳፕሰንም እንዲሁ ናቸው። ለእነዚህ መድኃኒቶች "ሁለት ሰዓት አራርቄ እወስዳለሁ" ማለት ብቻውን ዋስትና አይሆንም።

እንግዲህ "ደም ያጸዳል" የሚለው ማስታወቂያ እውነት የሚሆንበት አንድ ቦታ ቢኖር እዚህ ነው። ከደም የሚያጸዳው ግን መድኃኒትን ነው።

ፌኖባርቢታል ከደም ውስጥ በድንገት ሲቀንስ ለወራት ያልተነሳ ሕመም ሊነሳ ይችላል። ያ በደረጃ ላይ፣ በመንገድ መሻገሪያ ላይ ወይም በምድጃ አጠገብ ሊሆን ይችላል። የሚያስከፋው ደግሞ ማንም ከሰሉን አይጠረጥርም። ታማሚዋ "መድኃኒቴን አላቋረጥኩም" ትላለች፤ እውነቷን ነው። ሐኪሙ "መድኃኒቱ አልሠራላትም" ብሎ መጠን ይጨምራል ወይም ይቀይራል። ቤተሰብ ሌላ ምክንያት ይፈልጋል።

ከሰል የሚይዛቸው መድኃኒቶች ብዙ ናቸው። ፓራሲታሞል፣ አስፕሪን፣ እንደ አሚትሪፕቲሊን ያሉ የድባቴ መድኃኒቶች፣ የልብ መድኃኒቱ ዲጎክሲን ይገኙባቸዋል። ባለትዳር እህቶች የሚወስዱት የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብልም ሊያዝ ይችላል። የሌሎች መድኃኒቶችን ነገር ፋርማሲስት ጠይቁ።

ረመዷን ለምን ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋል?

በሌላው ጊዜ ሰው መድኃኒቱን ጠዋት፣ ከሰሉን ከሰዓት በኋላ ሊወስድ ይችላል። በረመዷን ግን በአፍ የሚገባው ሁሉ ከኢፍጣር እስከ ሱሁር ባለው ጊዜ ይጨናነቃል። ተምሩ፣ ሾርባው፣ ሳምቡሳው፣ ክኒኑ፣ "የሆድ ማቅለያው" በአንድ ሰዓት ውስጥ ይገናኛሉ። ከባድ ምግብ በባዶ ሆድ ስለሚበላ ሆድ ይነፋል፤ ስለዚህ ጥቁሩ እንክብል በጣም የሚያምረው በዚሁ ወር ነው። በቀን ውሃ ስለማይጠጣም ከሰል የሚያመጣው የሆድ ድርቀት ይብሳል፤ ሲጠና አንጀት እስከመዝጋት ሊደርስ ይችላል።

የዘወትር መድኃኒት የምትወስዱ ወንድሞችና እህቶች ከረመዷን በፊት ሐኪማችሁን ስለ ሰዓቱ አማክሩ። መጾም የማይፈቅድ ሕመም ካለም ሸሪዓችን ለታማሚ ያስቀመጠው ፈቃድ ግልጽ ነው፤ ከሐኪሙ ምክር ጋር የዲን አዋቂዎችን መጠየቅ ነው።

ሐላል ነው ወይ?

ይህንም ብዙዎች ጠይቀውኛል። ፈትዋ የመስጠት አቅም የለኝም፤ ነገር ግን ለመጠየቅ የሚረዱ ሁለት እውነታዎች ላስቀምጥ። አንደኛ፣ አብዛኛው ለመዋጥ የሚሸጠው ከሰል ከኮኮነት ቅርፊት ወይም ከእንጨት ነው፤ ከአጥንት የሚሠራም ግን አለ። ሁለተኛ፣ ዱቄቱ ንጹሕ ቢሆን እንኳ የእንክብሉ ሽፋን ብዙ ጊዜ ጀላቲን ነው። ጀላቲን ከከብት ወይም ከዓሣ ሊሆን ይችላል፤ ከአሳማም ሊሆን ይችላል። ከዱባይ ስለመጣ ብቻ አይታለፍም፤ ጽሑፉን ማንበብ ነው። ምንጩ ያልተጻፈ ከሆነ፣ ሳያስፈልገን የምንወስደውን ነገር ለመተው በቂ ምክንያት ይመስለኛል።

ምን እናድርግ?

1. የዘወትር መድኃኒት የሚወስድ ሰው፣ ስሙ ምንም ይሁን ምን፣ ሐኪም ካላዘዘለት በቀር አክቲቬትድ ቻርኮል አይውሰድ። በጭማቂ፣ በአይስክሬምም ሆነ በዳቦ ቢመጣ ያው ነው።

2. እንክብል ለጓደኛ አታድሉ። መድኃኒት የሚወስድ ሁሉ አይናገርም። የሚጥል በሽታ፣ ድባቴ፣ ሌላም ሌላም ሕመም ያለባቸው ብዙዎች ከሰው ዓይን ሸሽገው ነው የሚኖሩት። ስጦታችሁ ሳትፈልጉት ምስጢራቸውንና ጤናቸውን በአንድ ጊዜ ይፈትናል።

3. ከሰል የወሰደና ሰገራው የጠቆረ ሰው ሆዱን የሚያመው፣ የሚያዞረው ወይም የሚያስመልሰው ከሆነ "ከከሰሉ ነው" ብሎ አይቀመጥ፤ ይመርመር።

4. ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ ከሐኪም ትእዛዝ ውጭ የምትወስዱትን ሁሉ ተናገሩ። "ተፈጥሯዊ ነው" ብላችሁ አትዝለሉት።

5. ስለ ጤና የሚመጣ ወሬ ሲደርሳችሁ ከማስተላለፋችሁ በፊት አጣሩ። ዜናን ማጣራት የዲናችን ሥርዓት ነው፤ የቴሌግራም ወሬም ዜና ነው። "ምን ያህል ግራም? በማን ላይ ተሞከረ? የሚነግረኝ ሰው ሻጭ ነው ወይ?" የሚሉት ሦስት ጥያቄዎች ብዙ ነገር ያጣራሉ።

ያን ምሽት ኮሪደር ላይ ነገሩን ሳስረዳት ጓደኛዬ ዝም ብላ ሰማችኝ። ከዚያ ነጯን ክኒን ዋጠች፤ ጥቁሮቹን በሶፍት ጠቅልላ ኪሷ ከተተች። ወደ ዶርም ስንመለስ ማንንም ሳልጠቅስ "ይህ ነገር ከብዙ መድኃኒት ጋር ይጋጫል፤ ባንወስደው ይሻላል" አልኳቸው። ሐዲያውን ያመጣችው ልጅ አልተቀየመችም። የየራሳችንን ፍሬ ሰብስባ ብልቃጡ ውስጥ መለሰችና ወዲያው ዱባይ ላለች እህቷ የድምፅ መልእክት ላከች፦ "እህቴ፣ አንቺም የደም ግፊት ክኒን ትወስጂያለሽ አይደል? ይህን ነገር እስክትጠይቂ ድረስ አቁሚው።"

እኛ ስለ አንዷ ስንጨነቅ ሌላዋ ባሕር ማዶ ነበረች።

አላህ ጤናችንን ይጠብቅልን፤ የታመሙትን ያሽርልን። ወላሁ አዕለም።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።